ገመዱን የቈረጠ መሐንዲስ፤ የሮበርት ዋይትሄድ ሕይወት

በዛሬው ዘመን ከባሕር ሥር ነዳጅ ዘይትና ጋዝ የሚያወጡ አገሮች ቧንቧቸውን የሚያስመረምሩት በጠላቂ ሰው ብቻ አይደለም። በኖርዌይ የባሕር ክልል፣ በውሃው ወለል ላይ ማደሪያ ተሠርቶላቸው፣ እዚያው የኤሌክትሪክ ኃይል እየሞሉ የሚሠሩ ሮቦቶች ተሰማርተዋል። ይህን የሰማ ወጣት ነገሩ የትናንት ፈጠራ ይመስለው ይሆናል። ሥሩ ግን ከ150 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሮበርት ዋይትሄድ በ1823 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በቦልተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የጥጥ ጨርቅ የማንጣት ሥራ ነበረው። ልጁ ግን በማንቸስተር የመሐንዲስነት ሙያና ንድፍ መሣል ተማረ። ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ሠራ፤ በሚላኖም የሐር መሸመኛ መኪናዎችን አሻሻለ። በ1848 በኢጣልያ የተነሣው ሁከት ሥራውን ቢያሰናክልበት ወደ ትሪየስተ ሄደ፤ በመጨረሻም ዛሬ ሪየካ በምትባለው በፊዩሜ ወደብ የመርከብ ሞተር የሚሠራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

በ1864 ጆቫኒ ሉፒስ የሚባል ጡረተኛ የኦስትሪያ የባሕር መኰንን ወደ እርሱ መጣ። ይዞት የመጣውም ፈንጂ ተሸክሞ ከየብስ በገመድ የሚመራ የትንሽ ጀልባ ሐሳብ ነበር። ዋይትሄድ ሞክሮ እንደማይረባ ቢረዳም ጨርሶ አልተወውም። ገመዱን አስወግዶ፣ በውሃ ውስጥ ተሰውሮ ራሱን የሚመራ መኪና ለመሥራት ተነሣ። ከትንሽ ልጁና ከአንድ ታማኝ ሠራተኛ ጋር ሆኖ በምስጢር ሲደክም ቈይቶ፣ በ1866 በታመቀ አየር የሚነዳውን የመጀመሪያውን ቶርፔዶ አሳየ።

ነገር ግን ቶርፔዶው ጥልቀቱን አይጠብቅም ነበር፤ አንድ ጊዜ ከላይ ብቅ ሲል፣ ሌላ ጊዜ ወደ ታች ይሰጥማል። ውሃ በጠለቀ ቍጥር ግፊቱ ስለሚጨምር፣ ግፊቱን የሚለካውን ክፍል ከመሪው ጋር አያይዞት ነበር። ይሁን እንጂ መሪው ከሚገባው በላይ እየታጠፈ መኪናውን ያንገዋልለው ነበር። በ1868 የመኪናውን ዝንባሌ የሚያውቅ፣ መሪውንም የሚገታ ተወዛዋዥ ክብደት ጨመረበት፤ ቶርፔዶውም ጸንቶ ሄደ። ይህ ክፍል ለብዙ ዘመን ምስጢሩ እየተባለ በጥብቅ ሲጠበቅ ኖረ።

የእንግሊዝ መንግሥት የመሥራቱን መብት በ1871 በ15,000 ፓውንድ ገዛ። ሆኖም ፋብሪካው በ1873 ከሰረ፤ ዋይትሄድ ከአማቹ ጋር በ1875 እንደገና አቋቋመው። በ1878 የሩስያ ጀልባዎች በባቱም ወደብ አንድ የቱርክ መርከብ በቶርፔዶ አሰጠሙ። ዋይትሄድ በ1905 ሲሞት ሀብታም ነበር፤ ከሞቱ በኋላ በተነሡት ታላላቅ ጦርነቶች ግን ከእርሱ ሐሳብ በተወለደ መሣሪያ ብዙ ሺህ መርከበኞች አለቁ።

በ1957 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ያለ ገመድ የሚሄድ መኪና የሠሩት ባሕርን ለማጥናት ነበር። ዛሬም ቧንቧ የሚጠብቀው ሮቦት ጥልቀቱን የሚያውቀው በውሃ ግፊት ነው፤ ሚዛኑንም የሚጠብቀው ዝንባሌውን እየለካ ነው። አንዱ ዕውቀት መርከብ አሰጥሟል፤ ጠላቂ ሰውንም ከአደጋ አድኗል። እንግዲህ ዕውቀትን ማግኘት የመሐንዲሱ ድካም ሲሆን፣ ወዴት እንደሚሰማራ መወሰን ግን በሥልጣን ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ኃላፊነት ነው።