ቶማስ ያንግና የጠብታው ማዕዘን

ሐኪሙ ቶማስ ያንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1773 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። እኛ የአርት ተማሪዎች የሮዜታን ድንጋይ ጽሕፈት ለመፍታት በመድከሙ እናውቀዋለን። ነገር ግን በ1805 ፈሳሽ ጠጣርን እንዴት እንደሚያርስ መርምሮ ጽፎ ነበር። ከዚያ ሕግ የሚከተለው ይህ ነው፤ ጠብታው በከሰል ላይ የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካነሰ ፈሳሹ ወደ ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች በራሱ ይሰርጋል፤ ከበለጠ ግን፣ እንደ ባዜቃ፣ ካልገፉት አይገባም፤ ቀዳዳው በጠበበ መጠንም ግፊቱ መበርታት አለበት። ቀዳዳው ከጥቂት ናኖሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ጎን ለጎን የሚቆሙት ሞለኪውሎች በጣት ስለሚቆጠሩ ሕጉ ራሱ ይቸገራል።

ያንግ ሐሳቡን ያለ ቀመር በቃል ብቻ ስለ ጻፈው አንባቢው ተደናገረ፤ ላፕላስ በ1806 በሒሳብ ሲያወጣው ክብሩ ወደ ፈረንሳይ አዘነበለ። ከቀመር የምንሸሸው እኛ እንኳ በዚህስ ለያንግ መከራከር ያቅተናል። እርሱም በ1829 በ55 ዓመቱ ለንደን ላይ ዐረፈ፤ ቀመሩን ሌሎች ጽፈው በስሙ ጠሩለት።