ስድስት ጊዜ የወደቀው ትል እና ቅዱስ ያሬድ

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ታሪክ ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነው። ስሙን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንኳ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ያለውን ነው። እኔ በጣም የወደድኩት በእኛ ዕድሜ ሳለ የሆነውን ነው። ምክንያቱም ቅዱስ ያሬድ ትምህርት የማይገባው ልጅ ነበር።

ታሪኩን የነገሩኝ አያቴ ናቸው። እሳቸው በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ብዙ ያውቃሉ።

ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም እንደተወለደ ይነገራል። ይህ ማለት ከ1500 ዓመት በፊት ነው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። እናቱም እንዲያስተምሩት ብላ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን መምህር ነበሩ። ዳዊት ሊያስጠኑት ጀመሩ፤ እሱ ግን ዛሬ የያዘውን ነገ ይረሳዋል። አብረውት የሚማሩት ልጆች እያለፉት ሄዱ፣ ሳቁበትም። መምህሩም ተናደው ገረፉት። ያሬድ ይሄን ጊዜ ትምህርቱን ትቶ ከአክሱም ጠፍቶ ሄደ።

መንገድ ላይ ፀሐይ ሲበረታበት አንዲት ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። ቦታው ማይ ኪራሕ ይባላል። እዚያ ቁጭ ብሎ ሳለ አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት በግንዱ ሲወጣ አየ። ትሉ ትንሽ ይወጣና ይወድቃል። እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይወድቃል። እንዲህ እያለ ስድስት ጊዜ ወደቀ። በሰባተኛው ግን ላይ ደርሶ ፍሬውን በላ። ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ ይባላል። እግር የሌለው የሚመስል ትንሽ ፍጥረት እንዲህ ከታገሠ እኔ ሰው ሆኜ እንዴት ተስፋ እቆርጣለሁ ብሎ አሰበ። ተነስቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ። እግዚአብሔር አእምሮውን እንዲከፍትለት እየጸለየ ተማረ። ከዚያ በኋላ ዳዊቱንም ሌሎቹንም መጻሕፍት አወቃቸው፣ ዲያቆንም ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ ግራና ትል ስናይ የሚታሰበን ማሽላችን ነው። አገዳ ቆርቁር ገባበት እንላለን፣ ይዘንም እንጨፈልቀዋለን። ትሉ ማሽላ ስለሚያጠፋ ልክ ነን። ግን ቁጭ ብሎ ትሉ ምን እንደሚሠራ ያየ ከእኛ ውስጥ ማን አለ? ያሬድ ደክሞት ነበር፣ አዝኖም ነበር። ቢሆንም ዓይኑን ከፍቶ አየ። ለእሱ ትሉ እንደ መምህር ሆነለት። አያቴ ሁሌ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር የሚያስተምረው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ውጪ ባለው ፍጥረትም ነው ይላሉ።

ወፍም እንደዚያው ነው። ማሽላ ሲያፈራ እኛ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ እናባርረዋለን። ለያሬድ ግን ዜማ ያመጡለት ወፎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚለው ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው በሰው ቋንቋ አናገሩት፣ በሰማይም የመላእክትን ዜማ ሰማ። ከዚያ ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ ከፍ ባለ ድምፅ ዘመረ። የዜማው ዓይነቶች ሦስት ናቸው፤ እነሱም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስም ይመሰላሉ። አሁን በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል የሚያዜሙት በእነዚህ ነው።

ቅዱስ ያሬድ የደረሳቸው መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ከእነዚህ ትልቁ ድጓ ነው። ድጓ ዓመቱን ሙሉ በየወቅቱ የሚባለውን ዜማ የያዘ ነው። እኔን የገረመኝ የክረምቱ ክፍል ነው። ክረምቱ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መጀመሪያ የሚዘመረው ስለ ዘርና ስለ ደመና ነው። በዚያ ጊዜ ደሞ የኛም አባቶች ደመና እያዩ ዘር ይዘራሉ። ሐምሌ ላይ ስለ መብረቅ፣ ስለ ነጎድጓድ፣ ስለ ወንዞችና ስለ ባሕር ይዘመራል። ያኔ ወንዛችን ሞልቶ ከማዶ ያሉ ልጆች መሻገር ያቅታቸዋል። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ስለ ቁራ ጫጩቶች ይዘመራል።

ለምን ስለ ቁራ ብዬ አያቴን ጠየቅኳቸው። ነሐሴ እኮ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ወር ነው አሉኝ። የድሮው አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። የቁራ ጫጩት የሚያርስላት የለም፣ የሚያጭድላትም የለም። እግዚአብሔር ግን ይመግባታል። እሷን የማይረሳ እኛንም አይረሳም ለማለት ነው። ዝናብ ዘግይቶ ሰው ሁሉ የሚጨነቅበትን ዓመት ስለማውቀው ይህ ነገር ገባኝ። ክረምቱ ሲያልቅ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ይመጣና ስለ አበባ ይዘመራል። ስለዚህ ድጓን የሚያውቅ ሰው ሜዳውንና ሰማዩን እያየ የሚጸልይ ይመስለኛል።

በዚያ ዘመን ንጉሡ የአፄ ካሌብ ልጅ አፄ ገብረ መስቀል ነበሩ። አንድ ቀን ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ በጣም ከመመሰጣቸው የተነሳ በእጃቸው የያዙት ጦር የያሬድን እግር ወጋ። ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። በኋላ ንጉሡ ደንግጠው ጦሩን ነቀሉና የፈለግኸውን ጠይቀኝ አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ወርቅ ወይም መሬት ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን የጠየቀው ወደ ገዳም እንዲያሰናብቱት ብቻ ነው። ንጉሡ እያዘኑ ፈቀዱለት። ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጸለምት ሄዶ እየጾመና እየጸለየ ደቀ መዛሙርት አስተማረ። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ከዚህ ዓለም እንደተለየ፣ እንደተሰወረም ይነገራል። በዓሉ ዛሬም በየዓመቱ ግንቦት 11 ይከበራል።

ውድ አንባቢያን፣ በክፍላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን። ታሪኩን ስነግራቸው ሁሉም ወደውታል። ምክንያቱም ፈተና ለማንም ፈተና ነው። ባለፈው ዓመት ወድቀው ዘንድሮ ክፍል የደገሙ ልጆች አሉ። ከኛ በታች ካሉት ጋር ተቀምጠው መማር ከባድ ነው፤ እነሱ ግን ችለውት እየተማሩ ስለሆነ አደንቃቸዋለሁ። እባካችሁ አትሳቁባቸው። በያሬድም ተስቆበት ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ግን አልተመለሰም። አሁን ማሽላ ላይ ወፍ ይጠብቃል። ትምህርት ለኔ አይሆንም ይላል። ይህ መጽሔት በእጅ ስለሚዞር ተራዬ ሲደርስ ወደ ማማው ይዤለት እሄዳለሁ። እሱ የወደቀው ገና አንድ ጊዜ ነው። ትሉ ስድስት ጊዜ ነው የወደቀው። እናንተም እንዲህ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ታሪኩን ንገሩት።

እስኪ ደግሞ እነዚህን መልሱ፦
1. ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች ምን ምን ይባላሉ?
2. የቁራ ጫጩቶች የሚነሱት በየትኛው ወር ነው?
3. እናንተ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ ያያችሁት፣ የተማራችሁበት ፍጥረት ምንድን ነው?

የሦስተኛውን መልስ ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ። ጥሩ ጥሩውን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ቸር እንሰንብት!