እቴጌ ምንትዋብና በብራና የተጻፈው መብት

ከተክለ ሃይማኖት ሠፈራችን እስከ ልደታ ፍርድ ቤት ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን አንዷ እህት እዚያ ስትመላለስ ከርማለች፤ ከባለቤቷ ጋር የሠራችው ቤት ሳታውቅ ተሽጦባት ነበር። ያዳናት በፌስታል ጠቅልላ ያኖረችው የጋብቻ ወረቀትና የግንባታ ደረሰኝ ነው። ነገሩን ስሰማ እቴጌ ምንትዋብ ትዝ አሉኝ።

ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሲነገር እንደኖረው፣ አፄ በካፋ በቋራ ሲያልፉ ታመው፣ አስታምመው ያዳኗቸው ምንትዋብ ነበሩ፤ በኋላም አገቧቸው። በ1723 ዓ.ም. በካፋ ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እቴጌም ዘውድ ደፍተው አገር አስተዳደሩ።

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብለው ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ፤ ለአገልጋዮቹም ጉልት ሰጡ። ስጦታውን ግን በቃል ብቻ አልተዉትም፤ በብራና አስጻፉት። የዚያ ዘመን የጉልት ጽሑፍ የመሬቱን ስምና የተቀባዩን ድርሻ ይዘረዝራል፤ መጨረሻው ላይ ውሉን በሚያፈርስ ሰው ላይ ግዝት ይጥላል።

በጎንደር የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜም በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጽና ሕዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ዋሱና ምስክሮቹ በየስማቸው። ሴቶችም በራሳቸው ስም ሲገዙ፣ ሲሸጡና ሲያወርሱ እዚያው ሰፍረዋል። መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን ስለሚቀመጥ ማንም ተነሥቶ በቀላሉ ሊክደው አይችልም ነበር።

ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። እቴጌ ሥልጣናቸውን አጥተው በ1765 ዓ.ም. ቁስቋም ላይ አረፉ። ዘውዱ አለፈ፤ ጽሑፉ ቀረ።

እህቶቼ፣ የእኛም ዘመን ሕግ ከዚህ አልራቀም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት ካልተስማሙ የጋራ ቤት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ያልተስማማችው ሚስት ውሉ እንዲፈርስላት መጠየቅ ትችላለች፣ ጊዜው ግን አጭር ስለሆነ ሳትዘገይ ነው።

ስለዚህ የጋብቻ ወረቀታችንን፣ ካርታችንን፣ ደረሰኛችንን አንድ ቦታ እናኑር፤ ቅጂውንም ለምናምናት እህት እናስቀምጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወሳል ይሉ የለ!