ቻርለስ ቤል፦ የፊትን ነርቭ ሥራ የገለጠው ሐኪም

ሰው ሲስቅ ከንፈሩን የሚያላቅቀው፣ ሲተኛ ዐይኑን የሚከድነው ከጆሮ ሥር የሚወጣ አንድ ቀጭን ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ሲቆረጥ ግማሽ ፊት ይዝላል፤ አፍ ይጣመማል፤ ዐይን አልከደን ይላል። የነርቩን ሥራ በመግለጥ ስሙ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚነሳው ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቻርለስ ቤል ነው።

ቤል እ.ኤ.አ. በ1774 በኤደንብራ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱን በሞት አጣ። ሕክምናን ከታላቅ ወንድሙ ከጆን ቤል ተማረ፤ እጁም ለሥዕል የተፈታ ነበር። በ1804 ወደ ለንደን አቀና። ከ2 ዓመት በኋላም የፊት ጡንቻዎች ደስታንና ሐዘንን እንዴት እንደሚያሳዩ ለሠዓሊዎች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በ1815 ከዋተርሉ ጦርነት ማግስት ብራስልስ ወርዶ ቁስለኞችን በቀዶ ሕክምና ረዳ፤ ቁስላቸውንም በሥዕል መዝግቦ አቆየ።

በዚያ ዘመን እንደ መብረቅ ብልጭ እያለ ፊትን በሚወጋ ብርቱ ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች ነበሩ። አንዳንድ ሐኪሞች ሕመሙን ለማስታገሥ ከጆሮ ሥር የሚወጣውን ነርቭ ይቆርጡ ነበር። ሕመሙ ግን በቦታው ይቀራል፤ በላዩ ላይ ፊቱ ይሽባል። ቤል በአህያ ላይ ባደረገው ሙከራ ይህ ነርቭ ሲቆረጥ የፊት እንቅስቃሴ እንደሚቆም አየ፤ ግኝቱንም በ1821 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ትምህርቱ በእርሱ ብቻ አልተፈጸመም፤ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሌላ ነርቭ መሆኑን አጥርቶ ያሳየው ተማሪው ኸርበርት ማዮ ነው። የተሳሳተውን ነርቭ መቁረጥም ምክንያት አጣ።

ዛሬ በፊትና በአንገት ላይ የሚሠራ ሐኪም ከዕጢው አስቀድሞ ነርቩን ይፈልጋል። ነርቩ ከጆሮ ፊት ባለው የምራቅ ዕጢ ውስጥ አልፎ በ5 ዋና ዋና ቅርንጫፎች ይከፈላል። ስለዚህ ሐኪሙ በአጥንትና በጡንቻ ምልክቶች እየተመራ ግንዱን ያገኛል፤ ቅርንጫፎቹንም እየተከተለ ዕጢውን ይለያል። ከመንጋጋ በታች ሲከፍትም ከአጥንቱ ጠርዝ 2 ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው ቅርንጫፍ በዚያ ያልፋልና። መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል የነርቩን ምላሽ የሚያሳይ መቆጣጠሪያም ይረዳዋል።

እንግዲህ ከጆሮ ሥር ወይም ከመንጋጋ በታች እብጠት ያለበት ሰው ለባለሙያ ላልሆነ እጅና ምላጭ ፊቱን አሳልፎ ሊሰጥ አይገባም። ከቀዶ ሕክምናም በፊት ነርቩ ምን ያህል ለጉዳት እንደሚጋለጥ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቤል በ1836 በኤደንብራ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኖ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ፤ በ1842ም በእንግሊዝ አረፈ። ያለ ቁስልና ያለ ቀዶ ሕክምና በድንገት ግማሽ ፊትን የሚያዝለው ሕመም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።