ከማዕድን ቤተ መዘክር ወደ ሕፃናት ጨዋታ፤ የፍሬድሪክ ፍሮቤል ሕይወት

የፍሬድሪክ ፍሮቤል ስም በመምህራን ዘንድ የታወቀውን ያህል በመሐንዲሶች ዘንድ አይነሣም። ዳሩ ግን ይህ ሰው የሕፃናት አስተማሪ ከመሆኑ በፊት በደን ሥራ የሠለጠነ፣ መሬት የቀየሰ፣ ሥነ ሕንፃ ለመማር የተነሣ፣ በበርሊን የማዕድን ቤተ መዘክርም ክሪስታል ሲመድብ የነበረ ባለሙያ ነው። ሕፃን በቃል ሊገልጸው የማይችለውን ደስታና ናፍቆት፣ ኩርፊያና ፍርሃት በጨዋታ የሚያወጣበትን መሣሪያ የሠራው ከዚህ ሙያ ባገኘው እጅና ዓይን ሲሆን፣ መሣሪያው ያስፈለገበትን ምክንያት ግን ያገኘው ከራሱ ልጅነት ነበር።

ፍሮቤል ኤፕሪል 21 ቀን 1782 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር፣ በቱሪንጊያ ደናማ ተራሮች መካከል በምትገኘው ኦበርቫይስባኽ ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ። እናቱ የሞቱት እሱ ገና የ9 ወር ሕፃን ሳለ ነው። አባቱ በምእመናን ጉዳይ ተወጥረው ይውሉ ስለ ነበር ልጁ የሚያቀርበው አጥቶ አደገ። የእንጀራ እናቱ ሲመጡ በመጀመሪያ አፈቀሩት፤ የራሳቸውን ልጅ ከወለዱ በኋላ ግን አንተ ማለታቸውን ትተው እሱ እያሉ ያነጋግሩት ጀመር። በዚያን ዘመን ጀርመንኛ ፊት ለፊት የቆመን ሰው እሱ ብሎ መጥራት ከበታች ሰው ጋር የመነጋገሪያ ወግ ነበር። የአንዲት ተውላጠ ስም ለውጥ ልጁን ከቤቱ መካከል ወደ ደጃፉ አወጣችው። ፍሮቤል በ1827 ስለ ሕይወቱ ለማይኒንገን መስፍን ባዘጋጀው ደብዳቤ፣ ዕድሜው 45 ሆኖ ሳለ፣ ይህችን ቃል አልረሳትም ነበር።

በ10 ዓመቱ አጎቱ ወደ ሽታትኢልም ወስደው ባያሳድጉት ኖሮ ነገሩ የከፋ በሆነ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው የወጣትነት ዘመን የመንከራተት ታሪክ ነው። በ1797 ለደን ሥራ ተለማማጅነት ገባ፤ በ1799 ወደ የና ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ እዚያም በዕዳ ምክንያት በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት 9 ሳምንት ታሰረ። በ1805 ሥነ ሕንፃ ለማጥናት ፍራንክፈርት ሲደርስ አንድ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ አስተማሪነት እንደሚስማማው ነገሩት፤ እሱም ተቀበለ። ቆይቶም በስዊስ አገር በይቨርዶን ከነበረው ከታላቁ መምህር ከፔስታሎትሲ ዘንድ ከ1808 እስከ 1810 ተቀመጠ።

በ1813 በናፖሊዮን ላይ በተደረገው ጦርነት ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በበርሊን የክሪስታል ሊቅ የነበሩት የፕሮፌሰር ክርስቲያን ሳሙኤል ቫይስ ረዳት ሆነ። በቤተ መዘክሩ ጸጥታ ውስጥ ድንጋዮችን ሲያገላብጥ፣ የክሪስታል ቅርጽ ከውስጥ በመነጨ ሕግ ወደ ውጭ እንደሚያድግ ተመለከተ፤ ሰውም እንዲሁ ከውስጡ ወደ ውጭ የሚገለጥ ፍጥረት ነው ብሎ አመነ። ይህ አስተሳሰብ በዛሬ ሳይንስ ሚዛን ከማስረጃ ይልቅ ወደ ምስጢር ያዘነብላል። ይሁንና ብዙ ፍሬ አስገኝቷል። ወንድሙ ክሪስቶፍ ሕሙማን ወታደሮችን ሲያስታምም በተስቦ ሞቶ ስለ ነበር፣ ፍሮቤል በ1816 ሥራውን ጥሎ አባት የሌላቸውን የወንድሙን ልጆች ለማስተማር ወደ ግሪስሃይም ወረደ። በዚያ የተጀመረው ትምህርት ቤት በማግሥቱ ዓመት ወደ ካይልሃው ተዛወረ።

ከሁለት ዐሥርት ዓመታት የማስተማር ልምድ በኋላ፣ ትምህርት ከትምህርት ቤት በፊት እንደሚጀምር ተረዳ። በ1837 በባት ብላንከንቡርግ ለትንንሽ ልጆች የጨዋታ ተቋም ከፍቶ፣ ስጦታ ብሎ የሰየማቸውን መጫወቻዎች ያሠራ ጀመር።

የመጀመሪያው ስጦታ ከሱፍ የተሠሩ፣ በክር የሚንጠለጠሉ 6 ባለቀለም ኳሶች ናቸው። መሐንዲስ ቢያያቸው ፔንዱለም ይላቸዋል። እናት ኳሱን ታወዛውዛለች፤ ሕፃኑ ይይዘዋል፤ እሷ ክሩን በቀስታ ስትስበው የትንሹ እጅ ጡንቻ ይወጠራል፤ ኳሱ ያመልጣል፤ ተመልሶም ይመጣል። እናት በየእንቅስቃሴው ሄደ፣ መጣ፣ ላይ፣ ታች እያለች ታዜማለች። ፍሮቤል እንዳብራራው፣ ሕፃኑ በዚህ ጨዋታ ማግኘትን፣ ማጣትንና እንደገና መመኘትን ቃሉን ከማወቁ በፊት በእጁ ይማራል። ይህን ጨዋታ ያሰበው ሰው በ9 ወሩ እናቱ የተለዩት መሆኑን መዘንጋት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ስጦታ የእንጨት ሉል፣ ሲሊንደርና ኩብ ነው። ኩቡ በክር ታስሮ ሲሽከረከር ሲሊንደር መስሎ ይታያል፤ ልጆችም ይስቃሉ። ሦስተኛው በ8 እኩል ኩቦች የተከፈለ አንድ ኩብ ሲሆን፣ ልጁ የሠራውን ወንበር አፍርሶ ከመበተን ይልቅ ቀስ በቀስ ወደ ገበታ ወይም ወደ ድልድይ እንዲለውጠው፣ አንድም ቁራጭ ተርፎ እንዳይቀር ይደረጋል። ዝነኛው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ፍራንክ ሎይድ ራይት በልጅነቱ እናቱ በገዙለት በእነዚህ ቁራጮች ተጫውቶ እንዳደገ ሲናገር ኖሯል።

ስለ ስሜት ግልጽ ሆኖ የሚናገረው ግን በ1844 የታተመው የእናቶች መዝሙርና የጨዋታ መጽሐፉ ነው። በአንደኛው ጨዋታ የእናት ጣቶች ፈረሰኞች ሆነው ደስተኛውን ልጅ ሊያዩ ይጋልባሉ፤ በሌላው ልጁ አኩርፎ ስላገኙት አዝነው ይመለሳሉ። ልጁም የራሱን ፊት በፈረሰኞቹ ሁኔታ ያነባል። እዚህ ላይ ለዛሬ አንባቢ ጥያቄ ይነሣል፤ ፈረሰኛ ይበልጥ የሚያስፈልገው ያኮረፈው ልጅ ነውና። ስለ ድብብቆሽ የጻፈው ግን ዛሬም ጠንካራ ነው። የልጁ ደስታ በመደበቁ ሳይሆን በመገኘቱ ነው፤ ስለዚህ እናት ፈልጋ ስታገኘው ደስታዋን ካላሳየችው መደበቅን ለራሱ ሲል ሊወድ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል።

ተቋሙን በ1840 ኪንደርጋርተን አለው፤ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። በአማርኛ መዋዕለ ሕፃናት ስንል የሕፃናቱን ውሎ ይዘን አትክልቱን ትተነዋል። ፍሮቤል ግን ለየልጁ የሚኰተኰት መደብ ይሰጥ ነበርና ስሙ ምሳሌ ብቻ አልነበረም። ለዚህ ሥራ ወጣት ሴቶችን ማሠልጠኑ በዘመኑ ብዙ ፌዝ አመጣበት።

የመጨረሻው ዱላ የመጣው ከመንግሥት ነው። ኦገስት 7 ቀን 1851 የፕሩሲያ የትምህርት ሚኒስትር ፎን ራውመር፣ ተቋሞቹ ሶሻሊዝምንና ክሕደትን ያስተምራሉ በማለት አገዷቸው። ሚኒስትሩ የፍሮቤልን ሥራ ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮቤል ጽሑፍ ጋር አምታተውት ነበር። ስሕተቱ ቢነገራቸውም እገዳውን አላነሡም፤ ለንጉሡ የቀረበውም አቤቱታ መልስ አላስገኘም። ልጅ ያልወለደው ሽማግሌ ጁን 21 ቀን 1852 በማሪየንታል በ70 ዓመቱ ሞተ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። በሽቫይና መቃብር ወዳጆቹ ከድንጋይ ያቆሙለት ሐውልት ኩብ፣ በኩቡ ላይ ሲሊንደር፣ በሲሊንደሩም ላይ ሉል ነው።