ባዶውን ስፍራ ያከበረ ዲሬክተር፦ የያሱጂሮ ኦዙ ሕይወትና ሥራ

አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር የሙያችን ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይሟገታሉ። አንደኛው ወገን መሣሪያውን ፈጥኖ ያልያዘ ከሥራ ውጭ ይሆናል ሲል፣ ሌላው ደግሞ መሣሪያው ሙያውን ያጠፋዋል ብሎ ይሠጋል። በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚያወጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ ወዲህ ይኸው ክርክር እንደገና ተቀስቅሷል። በዚህ ጊዜ የጃፓናዊውን የፊልም ዲሬክተር የያሱጂሮ ኦዙን ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል፤ ኦዙ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ነበርና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦዙ ዲሴምበር 12 ቀን 1903 በቶኪዮ ከተማ፣ ፉካጋዋ በተባለው ሰፈር፣ ከማዳበሪያ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በ1913 እናቱ ልጆቿን ይዛ የባሏ የትውልድ ስፍራ ወደሆነው ወደ ማትሱሳካ ስትሄድ፣ አባቱ ለንግዱ ሲል በቶኪዮ ቀረ። ኦዙ በትምህርቱ የሚመሰገን ልጅ አልነበረም፤ ከትምህርት ቤቱ ማደሪያም ተባርሯል። ከፊልም ቤት ግን አይጠፋም ነበር። የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ወድቆ በአንድ ተራራማ መንደር አንድ ዓመት ያህል ካስተማረ በኋላ፣ በ1923 በሾቺኩ የፊልም ኩባንያ ረዳት ካሜራማን ሆኖ ተቀጠረ። በ1927 የዲሬክተርነት ማዕረግ አግኝቶ የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ፤ ይህም ፊልም እንደ ብዙዎቹ የወጣትነት ሥራዎቹ ጠፍቶ ቀርቷል።

ድምፅ ወደ ጃፓን ፊልም በገባ ጊዜ የኦዙ ጠባይ ጎልቶ ታየ። በ1931 የአገሪቱን የመጀመሪያ የተሳካ ባለድምፅ ፊልም ያወጣው ኦዙ ራሱ የሚሠራበት ኩባንያ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ወደ ድምፅ ሲሻገሩ እርሱ በድምፅ አልባው ፊልም ጸና። ከምክንያቶቹ አንዱ የተገባ ቃል ነበር። ካሜራማኑ ሂዴኦ ሞሃራ የራሱን የድምፅ መቅረጫ ዘዴ ለመፈልሰፍ ይደክም ስለ ነበር፣ ኦዙ የመጀመሪያውን ባለድምፅ ፊልም በዚያ ዘዴ እሠራለሁ ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። መዘግየቱም ሥራውን አላሳነሰውም። በ1932፣ በ1933 እና በ1934 በተከታታይ ኪኔማ ጁንፖ የተሰኘው መጽሔት የዓመቱ ምርጥ የጃፓን ፊልም ብሎ የመረጠው ድምፅ አልባ የሆኑትን የኦዙን ሥራዎች ነው። በ1936 የሞሃራ ዘዴ ሲደርስ ኦዙ ቃሉን ጠብቆ «ብቸኛው ልጅ» የተባለውን ፊልም በዚያው ሠራ። ፊልሙ የሐር ፋብሪካ ሠራተኛ የሆነች አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ልጇን ለማስተማር የከፈለችውን መሥዋዕትነትና በመጨረሻ የገጠማትን ሐዘን ይተርካል።

በ1937 ለጦር አገልግሎት ተጠርቶ ወደ ቻይና ዘመተ፤ እስከ 1939ም ድረስ የመርዝ ጋዝ በሚጠቀም የጦር ክፍል ውስጥ አገለገለ። የመርዝ ጋዝን ምንነት ከማይጨው ዘመን ጀምሮ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። የቤተሰብን ፍቅር በዚያ ርኅራኄ የሣለ ሰው የዚህ ግፍ ተካፋይ መሆኑ የሕይወቱ ታሪክ አንድ ክፍል ነው፤ የሥራው ታላቅነትም አይሠርዘውም። በ1943 ደግሞ የጦርነት ፊልም እንዲሠራ ወደ ሲንጋፖር ተላከ። የታሰበው ፊልም ሳይፈጸም ጦርነቱ አለቀ፤ እርሱም ከምርኮ ወጥቶ በ1946 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ዓለም የሚያውቀው ኦዙ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ከደራሲው ከኮጎ ኖዳ ጋር ለወራት በአንድ ቤት ተቀምጠው ድርሰቱን ቃል በቃል ያዘጋጁ ነበር። ካሜራማኑ ዩሃሩ አትሱታ፣ ተዋንያኑ ቺሹ ርዩና ሴትሱኮ ሃራ የዘወትር ባልደረቦቹ ሆኑ። ካሜራውን ከምንጣፉ ብዙም ከፍ ሳያደርግ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይቀርፅ ነበር። ራሱንም ከቶፉ ሠሪ ጋር ያመሳስል ነበር፤ ቶፉ ሠሪ ቶፉ ብቻ ይሠራል፣ ሌላ ምግብ ከእርሱ አይጠበቅም ማለቱ ነው።

ጃፓኖች በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ክፍት ስፍራ ወይም ፋታ «ማ» ይሉታል፤ ይህም እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ አንድ የሥራው ክፍል ይቆጠራል። በኦዙ ፊልሞች በአንዱ ትዕይንትና በሌላው መካከል ሰው የሌለበት መተላለፊያ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የሚያልፍ ባቡር ይታያል። በ1949 የሠራው «የጸደይ ማብቂያ» ሴት ልጁን ለመዳር ስለሚጥር አንድ አባት ይተርካል፤ ሆኖም ሙሽራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታይም፣ ሠርጉም አይታይም። የሚታየው ከሠርጉ በኋላ አባትየው ብቻውን ቁጭ ብሎ ፖም ሲልጥ ነው። በ1953 የወጣውና አረጋውያን ወላጆች ሥራ የበዛባቸውን ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ የሚያሳየው «የቶኪዮ ወግ» በ2012 የእንግሊዙ ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት የዓለምን ዲሬክተሮች ድምፅ ሲያሰባስብ አንደኛ ሆኖ ተመርጧል።

ቀለምንም እንደ ድምፁ ዘግይቶ ነው የተቀበለው። በ1958 «ሂጋንባና» በተሰኘው ፊልም ቀለም ሲጀምር የጀርመኑን አግፋ ፊልም የመረጠው ቀይ ቀለምን የሚያወጣበትን መንገድ ስለ ወደደ ነበር። በዚያ ፊልም በቤቱ ውስጥ የምትታየው ቀይ ማንቆርቆሪያ የዚህ ምርጫ ምስክር ናት። በባለቀለም ፊልሞቹ ካሜራው አይንቀሳቀስም። ሌሎች በሰፊው ስክሪን ሲሽቀዳደሙ እርሱ እስከ መጨረሻው አልነካውም።

ሚስት ሳያገባ ከእናቱ ጋር ኖረ። እናቱ በ1962 ስትሞት የመጨረሻውን ፊልሙን ድርሰት እየጻፈ ነበር። እርሱም በካንሰር ታምሞ በስድሳኛው ልደቱ ቀን፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ዐረፈ። በካማኩራ ባለው የኤንጋኩ ጂ ገዳም የሚገኘው የመቃብሩ ድንጋይ ስሙን አልያዘም፤ የተቀረጸበት «ሙ» የሚል አንድ ፊደል ብቻ ሲሆን ትርጓሜውም አለመኖር፣ ባዶነት ማለት ነው።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከብዙ ፊልሞች ባጠናው መሠረት ዝቅ ያለውን ካሜራና ሰው የሌለበትን መተላለፊያ አስመስሎ ሊያወጣ ይችላል። የሠርግ ታሪክ ቢታዘዝም ሠርጉን አድምቆ ያቀርባል። ሠርጉ እንዳይታይ የሚወስነው ግን ታሪኩ የማን እንደሆነና ሐዘኑ በየትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው ነው። ማኅበራችን ስለ አዲሱ መሣሪያ ሲመክር ከኦዙ ሕይወት ሁለት ጥያቄዎችን ቢወስድ መልካም ይመስለናል። የመጀመሪያው፣ መሣሪያው ለየትኛው ቀይ ማንቆርቆሪያ ያስፈልገናል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ወደ መሣሪያው በምንሻገርበት ጊዜ ለካሜራማኑ፣ ለድምፅ ባለሙያውና ለአርታኢው የገባነው ቃል ምን ይሆናል የሚለው ነው። ኦዙ ለሁለቱም መልስ እስኪያገኝ ድረስ ለዓመታት መጠበቅን አላፈረበትም።