የዓይነ ስውሩ ዘማሪ የዊሊ ጆንሰን ታሪክ

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው ሀብት ሁሉ እንደ ድምፅ ፈጥኖ የሚያልፍ የለም። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ቢሞት መጽሐፉ ይቀመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ያነጸ ሰው ቢያርፍ ሥራው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የዘማሪ ድምፅ ግን ከአፉ በወጣበት ሰዓት ከነፋስ ጋር ይሄዳል። ባቡር አዲስ አበባ ከገባበት ከ1917 ጀምሮ በዚህ በለገሃር መንገደኛው ከየአገሩ ሲወርድና ሲሳፈር ኖሯል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በጣቢያው መንገድ ዳር ተቀምጠው በፈጣሪ ስምና በእመቤታችን ስም እያዜሙ የሚለምኑ ዓይነ ስውራንም ብዙዎች ነበሩ። ሳንቲም የጣለላቸው ብዙ ነው፤ ስማቸውን የጠየቀ ጥቂት ነው፤ ድምፃቸውን ያስቀመጠ ግን የለም ማለት ይቻላል።

በሩቁ በአሜሪካ አገር ግን እንደ እነርሱ ዓይነ ስውር የሆነ፣ እንደ እነርሱም በጐዳና ላይ እያዜመ የኖረ፣ ድምፁ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ሳይጠፋ የቀረ አንድ ሰው ነበረ። ስሙም ዊሊ ጆንሰን ይባላል፤ በዓለም የታወቀው ግን ዓይነ ስውሩ ዊሊ ጆንሰን ተብሎ ነው። ታሪኩ ለካህንም ለምእመንም የሚጠቅም ስለ ሆነ በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሐፍ ተጽፏል። በዚህ ታሪክ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዊሊ ጆንሰን በ1897 በጥር ወር ቴክሳስ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል ተወለደ። በዚያ አገር ባርነት ከተሻረ ገና 32 ዓመት ነበረ፤ ጥቍሮቹ ነፃ ወጡ ቢባልም አብዛኞቹ የሌላ ሰው መሬት በእኩል እያረሱ በድህነት ይኖሩ ነበር፤ አባቱም ከእነዚሁ አንዱ ነበረ። እናቱ እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። አባቱ ከሲጋራ ሣጥን ትንሽ ጊታር ሠርቶ ሰጠው፤ ጊታር ማለት ስድስት አውታር ያለው፣ ከክራር የሚበልጥ፣ በጣት የሚመታ መሣሪያ ነው። ልጁ ከእናት ፍቅር የጐደለውን ከዚያ ሣጥን ድምፅ ይፈልግ ጀመረ።

ሲወለድ ዓይኑ ደኅና ነበረ። ሰባት ዓመት ያህል ሲሆነው ግን ብርሃኑን አጣ። ምክንያቱን የኋላ ባለቤቱ አንጀሊን ስትናገር፣ አባቱና የእንጀራ እናቱ ተጣልተው ሳለ ሴቲቱ ለሳሙና የሚሆነውን ሥጋ የሚያቃጥል ውሃ ስትረጭ በልጁ ዓይን ገባ ብላለች። እንግዲህ የሁለት ታላላቆች ቍጣ በማያውቀው ሕፃን ላይ ወረደ። ከዚህም በኋላ ማርሊን በምትባለው ከተማና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች፣ በጊታሩ አንገት ላይ ጣሳ አንጠልጥሎ፣ በየመንገዱ ማዕዘን ቆሞ እየዘመረ ይለምን ነበር። በቤተ ክርስቲያንም ይዘምርና ይሰብክ ነበር።

በዚያ ዘመን በጥቍሮቹ መካከል ብሉዝ የሚባል ዜማ ተስፋፍቶ ነበር። ብሉዝ ማለት የኀዘን፣ የድህነትና የፍቅር ብሶት የሚነገርበት ዘፈን ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የትዝታ ዘመድ ይመስላል። በመሸታ ቤትና በገበያ ይዘፈን ስለ ነበረ ብዙዎቹ የሃይማኖት ሰዎች ይጸየፉት ነበር። ዘፈኑና መዝሙሩ ግን በአንድ መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዓይነት ቅኝት ይወጡ ስለ ነበረ አንዱን ከሌላው የሚለየው ቃሉና የዘማሪው ልብ ነበረ። ከዚህም የተነሣ በሁለት ስም ያዜሙ ሰዎች ተገኙ። ከቴክሳስ የወጣው ሌላው ዓይነ ስውር ሌመን ጀፈርሰን ዘፈኑን በራሱ ስም፣ መዝሙሩን ግን ዲያቆን ቤትስ በሚል ስም በሸክላ አሳተመ። ቻርሊ ፓተን የሚባለውም እንዲሁ ዘፈኑን በስሙ፣ መዝሙሩን ሽማግሌ ሃድሊ በሚል ስም አወጣ። ዊሊ ጆንሰን ግን ስሙ አንድ ነበረ። የጊታር አመታቱ ከዘፋኞቹ ሁሉ የማያንስ፣ ከብዙዎቹም የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ በሸክላ ያስቀረው ድምፅ አንድ ሳይቀር የመንፈሳዊ ነገር ነው። ለመሸታ ቤት የሚሆን ዘፈን ቢያወጣ ገንዘብ የሚያገኝበት ጊዜ ነበረ፤ እርሱ ግን ጣሳውን ይዞ በመዝሙሩ ጸና።

በ1927 በታኅሣሥ ወር 3ኛ ቀን ኮሎምቢያ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ ሰዎች ዳላስ ከተማ መጥተው ድምፁን ያዙ። በዚያ ዘመን ድምፅ መጀመሪያ በሰም ላይ ይቀረጽ ነበር፤ ከሰሙም የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ በብረቱም ሸክላው ይታተማል፤ በአንዱ ፊት የሚይዘውም ከሦስት ደቂቃ ብዙ አያልፍም። የጥቍሮቹም ሸክላ ከነጮቹ ተለይቶ በሌላ ተራ ቍጥር ይወጣ ነበር። ዊሊ ጆንሰን በዚያ ቀን ስድስት መዝሙር ሰጠ። አንደኛው እናት የሌላቸው ልጆች ስለሚያገኛቸው መከራ የሚናገር ነበር፤ ይህንን የዘመረው እናቱን በሕፃንነቱ የቀበረ ሰው ነው። ሌላው ስለ ሶምሶን ነበር፤ ስለ ዓይኑ መጥፋትና በመጨረሻው ስለ ጸሎቱ በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈውን ታሪክ ዓይነ ስውር ሲዘምረው ሰሚው ሁሉ ተገረመ። መጀመሪያ የወጣው ሸክላ 9,400 ያህል ታተመ፤ ኋላም 6,000 ተጨመረበት፤ ይህ ለዚያ ዘመን ብዙ ነበረ።

ከስድስቱ መዝሙሮች አንዱ ግን ከሁሉ የተለየ ነው። ርእሱ ጌታ በጌቴሴማኒ በጸለየባት ሌሊት የነበረውን ጨለማና የምድሩን ብርድ የሚያነሣ ሲሆን፣ የተገኘውም ቶማስ ሃዊስ የሚባል የእንግሊዝ ቄስ በ18ኛው ምዕት ዓመት ከጻፈው መዝሙር ነው። ዊሊ ጆንሰን ግን ቃሉን ሁሉ ተወው። በጊታሩ አውታር ላይ አንድ ጠንካራ ነገር እያንሸራተተ አውታሩን እንደ ሰው ያስለቅሰዋል፤ በድምፁም አፉን ሳይከፍት ያንጐራጕራል፤ አውታሩ ሲመራ ድምፁ ይቀበላል፤ ድምፁ ሲመራ አውታሩ ይቀበላል። በአገሩ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሲመራ ሕዝቡ የሚቀበልበት ሥርዓት ስለ ነበረ እርሱ ብቻውን መሪም ሕዝብም ሆነ። በሰሙነ ሕማማት ከበሮና ጸናጽል ተቀምጦ ሕዝቡ በስግደት ላይ ሳለ ከሽማግሌዎች ደረት የሚወጣውን ቃል የሌለው ልቅሶ የሰማ ሁሉ ይህ ዜማ ምን እንደሚል ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

በ1928 እንደገና ዳላስ ላይ አራት መዝሙር ሰጠ፤ በትዳር አብራው የኖረችው ዊሊ ቢ ሃሪስም በሁለተኛ ድምፅ ትቀበለው ነበር። ከእነዚህ አንዱ በ1918 ዓለምን ስላጠፋው የጉንፋን ወረርሽኝ የሚናገር ነው። ይህም ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የኅዳር በሽታ የተባለው፣ በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው የረገፈበት፣ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየተቃጠለ የሚታሰበው ነው። እንግዲህ አባቶች በዚህ ከተማ በጸሎተ ምሕላ ያለቀሱበትን መቅሠፍት በቴክሳስ ጐዳና ደግሞ ይህ ዓይነ ስውር ለንስሓ ጥሪ አደረገው።

የለገሃር ባቡር ጣቢያ ሕንፃ ተመርቆ በተከፈተበት በ1929 እርሱ ኒው ኦርሊንስ በሚባለው ከተማ ዐሥር መዝሙር ሰጠ፤ ከእነዚህም አንዱ በ1912 በባሕር ስለ ሰጠመው ታላቅ መርከብ ስለ ታይታኒክ ነው። በ1930 በሚያዝያ ወር አትላንታ ላይ ሌላ ዐሥር ጨመረ፤ የዮሐንስን ራእይ የሚያስታውሰው መዝሙርም ከእነዚህ ነው። በጠቅላላው ሠላሳ ሆነ። በዚህ ጊዜ ግን በአሜሪካ ታላቅ የገንዘብ ችግር ወድቆ ሸክላ የሚገዛ ሰው ጠፋ፤ ኩባንያውም ዳግመኛ አልጠራውም። ከ1930 በኋላ የዊሊ ጆንሰን ድምፅ በሸክላ አልተያዘም። ዕድሜው በዚያን ጊዜ 33 ዓመት ነበረ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን 15 ዓመታት ወደ ጐዳናው ተመልሶ እንደ ቀድሞው እየዘመረ ኖረ። በመጨረሻው ቦሞንት በምትባለው ከተማ ተቀመጠ፤ በዚያም ቤቱን የጸሎት ቤት አድርጎ ይሰብክ ነበር። በ1945 ቤቱ በእሳት ተቃጠለ። ሌላ መጠጊያ ስላልነበረው ከባለቤቱ ጋር በተቃጠለው ቤት ውስጥ ቀረ፤ በረጠበው አልጋ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተኙ። ባለቤቱ ኋላ እንደ ተናገረችው ታሞ ወደ ሕክምና ቢወስዱት ዓይነ ስውር ነው ብለው አልተቀበሉትም። መስከረም 18 ቀን 1945 በወባ ትኵሳት ዐረፈ። የተቀበረበት ቦታ ለብዙ ዘመን ምልክት አልነበረውም፤ ዛሬም መልኩን የምታሳይ የታወቀች አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ ናት።

ሰው ቢያየው ታሪኩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። ሠላሳው መዝሙር ግን በየሰው ቤት በአሮጌ ሸክላ ላይ ተቀምጦ ነበር። በ1952 የጥንት ሸክላዎችን የሰበሰበው ሃሪ ስሚዝ ስለ ዮሐንስ ራእይ የተዘመረውን ከስብስቡ ጋር አወጣው። ሳሙኤል ቻርተርስ የሚባለው ጸሐፊ ደግሞ ወደ ቴክሳስ ወርዶ ባለቤቱን አንጀሊንን ፈልጎ አገኛትና ታሪኩን ከአፏ ሰማ። በ1977 ሰዎች ከፀሐይ ዓለማት ውጭ የሚሄዱ ቮያጀር የተባሉ ሁለት መንኰራኵሮችን ሲልኩ፣ የምድርን ድምፅ የያዘ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ በእያንዳንዱ ላይ አደረጉ። ከየአገሩ በተመረጠው ዜማ መካከልም ቃል የሌለው የጌቴሴማኒ እንጕርጕሮ ገባ። አንደኛው መንኰራኵር በ2012 ከፀሐይ ነፋስ ክልል አልፎ በከዋክብት መካከል ወዳለው ጠፈር ገባ፤ ሁለተኛውም በ2018 ተከተለው። የአሜሪካ መንግሥት ቤተ መጻሕፍትም ይህንኑ መዝሙር በ2010 ከሚጠበቁት የአገሪቱ ድምፆች ጋር መዘገበው።

የዊሊ ጆንሰን ሥርዓት ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልዩ መሆኑ የታወቀ ነው። ጊታርም ወደ ማኅሌት አይገባም፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይበቃዋል። ነገር ግን ዳዊት በገናውን ይዞ በሳኦል ፊት እንደ ቆመ፣ በዐቢይ ጾምም በየቤቱ በገና እንደሚደረደር ሁሉ፣ ከቤተ መቅደሱ ውጭ ያለ አውታር ባለቤቱ ለማን እንደ ሰጠው ይጠየቃል። ይህ ሰው አውታሩን ለሁለት ጌታ አልከፈለውም። ዋጋውንም በሕይወቱ አላየም፤ በርጥብ አልጋ ሞተ።

የቅኔ ተማሪ ሁሉ ሰምና ወርቅ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይቀራል። የዊሊ ጆንሰን ድምፅ በ1927 በሰም ተቀረጸ፤ በ1977 በወርቅ ተቀመጠ። በመካከሉ ያለው ዘመን 50 ዓመት፣ እርሱም ኢዮቤልዩ ነው። በሕገ ኦሪት ኢዮቤልዩ የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት፣ የተጨነቀው ነፃ የሚወጣበት ዓመት ነበረ። ይህ ደብርም ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ርስታቸው ያልተመለሰላቸው በደጁ አሉ። ዜማውን በቃል የያዙት አረጋውያን መሪጌቶች ሳያልፉ ድምፃቸው ይያዝ፤ በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ የሚያዜመው ዓይነ ስውርም ከሳንቲሙ በፊት ስሙን ይጠየቅ፤ በታመመ ጊዜም የሚቀበለው ቤት አይጣ። ሰው በርጥብ አልጋ የተወውን ድምፅ እግዚአብሔር በከዋክብት መካከል አስቀምጦታል፤ በደጅ ያለውን ግን ለዚህ ደብር አደራ ሰጥቶታል።